ጃፓን ለትምህርት ስትገቡ፦ ከኤርፖርት መስኮት እስከ ቆሻሻ መጣያ ቀን

የአዲስ አበባው አውሮፕላን በኢንቾን በኩል ዞሮ ናሪታ ሲያርፍ፣ ከኢሚግሬሽኑ መስኮት ሁለት ነገር ሳትይዙ አትውጡ። አንደኛው ዛይርዩ ካርድ የሚባለው የነዋሪነት መታወቂያ ነው። ሁለተኛው በዚሁ ካርድ ጀርባ ላይ የሚመታው የትርፍ ሰዓት ሥራ ፈቃድ ማኅተም ነው። የማኅተሙ ቅጽ አንድ ገጽ ብቻ ስለሆነ ከቤት አትማችሁ፣ ሞልታችሁ ያዙት። እዚያው ይጨርሱላችኋል። ገና ሥራ አላሰብኩም ብላችሁ አትተዉት፤ በነጻ ነው፣ ከኤርፖርት ከወጣችሁ በኋላ ግን ለዚያው ማኅተም ኢሚግሬሽን ቢሮ ሄዳችሁ ሳምንታት ትጠብቃላችሁ። ካርዱ ከዚያ በኋላ ከኪሳችሁ አይለይም፣ ዳቦ ልትገዙ ብትወጡም ቢሆን። ፖሊስ ጠይቆት ያልያዘ ሰው እስከ 200,000 የን ሊቀጣ ይችላል።

ቤት ከገባችሁ በ14 ቀን ውስጥ ኩያኩሾ ወይም ሺያኩሾ ሂዱ። የእኛ አገር ወረዳ ጽሕፈት ቤት ማለት ነው። አድራሻችሁን ካርዱ ጀርባ ላይ ያትሙላችኋል፣ ያ አድራሻ ከሌለ ደግሞ ስልክም ባንክም የለም። በዚያው ቀን፣ በዚያው ሕንፃ የብሔራዊ ጤና መድኑን መስኮት ጠይቁ። መድኑ የሕክምናውን 70 በመቶ ይከፍላል፣ 30 በመቶው የእናንተ ነው። ወርሃዊ ክፍያው የሚሰላው ባለፈው ዓመት ጃፓን ውስጥ ባገኛችሁት ገቢ ስለሆነ ለአዲስ ተማሪ ትንሽ ነው። ችግሩ የሚመጣው በኋላ ነው፦ ከወረዳው «ገቢህን አሳውቅ» የሚል ቅጽ ይላካል፣ ተማሪው ገቢ የለኝም ብሎ ይጥለዋል፣ ቅናሹም ይቀርና ሂሳቡ ያብጣል። ዜሮ ብላችሁም ቢሆን ሞልታችሁ መልሱት።

ዕድሜው 20 የሞላ ሁሉ የጡረታ መዋጮም ይመዘገባል። በ2025 የበጀት ዓመት በወር 17,510 የን ነበር፣ ለተማሪ ቀልድ አይደለም። ለተማሪ የመክፈያውን ጊዜ የሚያራዝም ቅጽ አለ። ዲግሪ ላይ ላልተመዘገበ ልውውጥ ተማሪ ግን ላይሠራ ስለሚችል በዝቅተኛ ገቢ ነጻ የሚያደርገውን ቅጽ አብራችሁ ጠይቁ። ሁለቱም በየዓመቱ ይታደሳሉ።

ቅጽ ስትሞሉ ዓመተ ምሕረቱ ግራ እንዳያጋባችሁ። ጃፓኖችም የራሳቸው አቆጣጠር አላቸው፣ በዚህ በኩል እኛ ለእነሱ እንግዳ አይደለንም። አሁን ያለው ዘመን ሬይዋ ይባላል፤ ከፈረንጁ ዓመት 2018 ስትቀንሱ ይመጣል፣ 2026 ሬይዋ 8 ነው። ለልደታችሁ ደግሞ ሄይሴይን ታገኛላችሁ፣ 1988 ቀንሱ፦ በ2003 የተወለደ ሄይሴይ 15 ነው። የኢትዮጵያን ቀን እንዳትጽፉ ብቻ።

ስም ላይ ጠንቀቅ በሉ። በካታካና ፊደል ስትጻፉ ጠ፣ ቀ፣ ጨ የሚባሉ ድምፆች የሉም፣ ለ እና ረም አንድ ናቸው፣ ሁ ደግሞ ወደ ፉ ይጠጋል። ስለዚህ ጥላሁን «ቲራፉን»፣ አለማየሁ «አሬማዬፉ» ይሆናል። መሳቁ ይቻላል። ዋናው ነገር ግን ወረዳው፣ ባንኩ፣ ዩኒቨርሲቲው ዘንድ አንድ ዓይነት አጻጻፍ መያዝ ነው። እናንተ ቀድማችሁ አንዱን መርጣችሁ በስልካችሁ አስቀምጡት፣ ጸሐፊው በሰማው እንዲጽፍ አትተዉለት። ባንኩ ላይ «ቲ»፣ አሠሪው ዘንድ «ቴ» የተጻፈ ስም ደመወዝ እንዳይገባ ያደርጋል። የአባትና የአያት ስምም ካርዱ ላይ በሰፈረበት ቅደም ተከተል ይሁን፣ አንዱን አትዝለሉ።

ስልክና ባንክ እርስ በርስ ይጠባበቃሉ፦ ባንኩ የስልክ ቁጥር ይጠይቃል፣ ስልክ ኩባንያው የባንክ ሂሳብ ወይም ክሬዲት ካርድ ይፈልጋል። መውጫው ከስልኩ መጀመር ነው። ኮንቢኒ በሚባሉት የሃያ አራት ሰዓት ሱቆች በጥሬ ገንዘብ ሊከፈል የሚችል፣ የድምፅ ቁጥር ያለው ሲም ምረጡ። ኢንተርኔት ብቻ ያለው ሲም ለባንክ አይሆንም። ባንኮች አገር ውስጥ ስድስት ወር ያልሞላውን ሰው እንደ ነዋሪ ስለማይቆጥሩ ብዙዎቹ ይመልሳሉ። አዲስ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በፖስታ ባንኩ፣ በዩቾ ነው።

አሁን ደግሞ የፖስታ ሳጥናችሁ ላይ ስማችሁን ለጥፉ። ትንሽ ነገር ይመስላል። ከወረዳው ምዝገባ ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ማይ ናምበር የሚባለው ባለ 12 አሃዝ መለያ ቁጥር በፖስታ ይመጣል፣ ለሥራም ለባንክም ይጠየቃል። ፖስተኛው በእጅ ነው የሚሰጠው። ካጣችሁ ወረቀት ጥሎ ይሄዳል፣ ፖስታ ቤቱ 7 ቀን ያቆያል፣ ከዚያ ወደ ወረዳው ይመልሰዋል። የተጣለውን ወረቀት እንደ ማስታወቂያ አይታችሁ አትቅደዱ፤ ላዩ ባለው ኪው አር ኮድ የምትገኙበትን ሰዓት ትመርጣላችሁ።

ከጎረቤት ጋር የሚያጣላው ቆሻሻ ነው። የሚቃጠል፣ የማይቃጠል፣ ፕላስቲክ፣ ቆርቆሮና ጠርሙስ፣ ፔት ቦትል የሚባለው የፕላስቲክ ውሃ ጠርሙስ፣ ሁሉም የራሱ ቀን አለው። ቀኑን ወረዳው በወረቀት ይሰጣችኋል፣ ፍሪጅ ላይ ለጥፉት። በብዙ ከተማ ከረጢቱም የታወቀ ነው፣ ኪዮቶ ለምሳሌ ለሚቃጠለው ቢጫውን ትሸጣለች። የውሃ ጠርሙስ ስትጥሉ ክዳኑ ይወልቃል፣ የተጠቀለለበት ፕላስቲክ ይላጣል፣ ውስጡ ይታጠባል፣ ጠርሙሱ ይጨፈለቃል፤ ክዳኑና ልጣጩ ከፕላስቲኩ ጋር ይሄዳሉ። ማውጫው በዚያው ቀን ጠዋት ነው፣ በብዙ ቦታ እስከ 8 ሰዓት በጃፓን አቆጣጠር፣ ማለትም እስከ እኛ 2 ሰዓት። ማታ ካወጣችሁ ቁራ ይቀድደዋል፣ መረቡም የተዘረጋው ለዚያ ነው። በስህተት የወጣ ከረጢት ተለጣፊ ተለጥፎበት እዚያው ይቀራል፣ ሰፈሩ ሁሉ ያየዋል። የወጥ ዘይት በቧንቧ አትድፉ፦ በጋዜጣ ወይም በጨርቅ አስመጥጣችሁ ከሚቃጠለው ጋር ጣሉ።

ከአገር ቤት ኤሌክትሪክ ምጣድ ይዞ መምጣት ከንቱ ድካም ነው። የጃፓን መብራት 100 ቮልት ነው። ለ220 የተሠራ ምጣድ በዚያ ላይ የሚሰጠው ኃይል አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው፣ ሊጡ ይደርቃል እንጂ ዓይን አያወጣም። በመለወጫ ልታሳድጉት ብትሞክሩም የአንድ ሶኬት አቅም 1,500 ዋት ነው፣ ምጣዱ ከዚያ በእጥፍ በላይ ይስባል፣ ቆጣሪው ይቆርጣል። የማያጣብቅ ሰፊ መጥበሻና ጥብቅ ክዳን በጋዝ ላይ ይሻላል። በክረምት ክፍሉ ስለሚቀዘቅዝ ሊጡ አይቦካም፤ ኮታትሱ የሚባለው ማሞቂያ ያለው ጠረጴዛ ካላችሁ ሥሩ አስቀምጡት። ቡና ስትቆሉ መስኮት ክፈቱ፣ ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ ጠቋሚ ይጮኻል። ቋንጣ አታምጡ፣ የሥጋ ውጤት ያለ አገሩ የእንስሳት ጤና ሰርተፍኬት አይገባም፣ ኤርፖርት ላይ ይወሰዳል።

ለጿሚ ትልቁ ወጥመድ ዳሺ ነው። የአትክልት የሚመስለው ሾርባ፣ የቶፉው መረቅ፣ የኑድሉ ውሃ አብዛኛው በደረቀ ዓሣ የተቀቀለ ነው። ዓሣ የማትበሉ ከሆነ ኮምቡ ዳሺ የሚባለውን፣ የባሕር ቅጠል ብቻ የሆነውን ገዝታችሁ ቤት አብስሉ። ዳቦው ውስጥም ወተት ይኖራል፣ የስልክ ካሜራ ትርጉም ያነበዋል። ለሙስሊም ተማሪ ደግሞ ሚሪን የሚባለው ማጣፈጫ አልኮል አለው። ምስርና ቅመም በቶኪዮ ሺን ኦኩቦ ከሐላል ሱቆቹ ይገኛል። ማታ ሱፐርማርኬት ሲዘጋ ሲቃረብ ደግሞ የተዘጋጀ ምግብ ላይ የግማሽ ዋጋ ተለጣፊ ይለጠፋል።

መሬት ተንቀጥቅጦ ጋዙ ቢጠፋ አልተበላሸም፣ ጠንከር ያለ መንቀጥቀጥ ሲሆን የጋዝ ቆጣሪው ራሱ ይዘጋል። የጋዝ ሽታ ካለ አትንኩት፣ መስኮት ከፍታችሁ ውጡ። ከሌለ ምድጃውንና የውሃ ማሞቂያውን አጥፉ፣ ውጭ ያለውን ቆጣሪ ቁልፍ ተጫኑና ልቀቁ፣ ቀይ መብራቱ ይብለጨለጫል፣ 3 ደቂቃ ያህል ጠብቁ። በዚህ መሃል አንዱን ከከፈታችሁ እንደገና ይዘጋል።

ሥራ በሳምንት 28 ሰዓት ብቻ ነው፣ በረጅም የዕረፍት ወቅት በቀን እስከ 8። ሳምንቱ ከየትኛውም ቀን ቢቆጠር ማለፍ የለበትም፣ ሁለት ቦታ ብትሠሩም ይደመራል። አለቃው ይቆጥርልኛል አትበሉ። ያለፈ ሰው ቪዛ ሲያድስ ይታወቅበታል፣ የሚከለከለውም እሱ ነው። አስተናጋጅ ከደንበኛ ጋር ተቀምጣ የምታጫውትበት ባርና ፓቺንኮ የሚባለው የቁማር መሰል ጨዋታ ቤት፣ ጽዳትም ቢሆን፣ ለተማሪ ክልክል ነው።

ለዕረፍት አገር ቤት ስትሄዱ፣ በመውጫው ካርድ ላይ «ተመልሼ እገባለሁ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርጉ። አንድ ዓመት ሳይሞላና የቆይታ ጊዜያችሁ ሳያልቅ ከተመለሳችሁ ሌላ ቪዛ አያስፈልግም። ምልክቱን ከረሳችሁ መኮንኑ እንደጨረሰ ሰው ይቆጥራችሁና ዛይርዩ ካርዱን በስቶ ይሰጣችኋል፣ ፈቃዱም ከዚያች ቀዳዳ ጋር ያበቃል።