ለገበያ ስትዘሩ ዘሩን ከፋፍሉት

አትክልት አልምታችሁ ልትሸጡ ካሰባችሁ ዘሩን በአንድ ቀን ዘርታችሁ አትጨርሱት። በተለይ ሰላጣ አንዴ ከደረሰ አይጠብቅም። ሙቀት ሲያገኘው ሽቅብ ይመዘዝና ያብባል፣ ቅጠሉም ይመርራል። ያኔ ገዢ የለውም። ስለዚህ መደቡን ከፋፍላችሁ በየ2 ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ዝሩ። ቀኑን ከገበያው ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩት፤ ሰላጣ እንደ ዝርያው ከ50 እስከ 60 ቀን፣ ካሮት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ70 ቀን በላይ ይፈልጋል። ቲማቲም ደጋግሞ ስለሚለቀም ያን ያህል አያስጨንቅም።

አቆራረጡም ወሳኝ ነው። ቅጠላ ቅጠሉን በማለዳ፣ ጤዛው ሳይረግፍ ቁረጡት። ወዲያው ንጹህ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከር አድርጉና ጥላ ስር አንጠፍጥፉት። ቀትር ላይ የተቆረጠ ሰላጣ ገበያ ሳይደርስ ይጠወልጋል። በዕለቱ ያልተሸጠ ካሮት ካለ ቅጠሉን ቁረጡለት፤ ቅጠሉ ከሥሩ ውሃ እየሳበ ያለሰልሰዋል።