ሞተሩ ነው ወይስ ምርጫው? ለጎጃም ጀማሪ ሞተረኞች ችግርና መፍትሄ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አዲስ ሞተር የገዛ ዘመድ ወይም ጎረቤት በወሩ እኔ ጋ ይመጣል። «ሞተሬ ችግር አለበት» ይለኛል። አብረን እንፈትሸዋለን። ብዙ ጊዜ ሞተሩ ምንም አልሆነም። የተገዛው ለሌላ መንገድ ወይም ለሌላ ቁመት ነው። ሰው ሲገዛ «ስንት ሲሲ ነው?» ብሎ የሞተሩን መጠን ይጠይቃል፤ «እኔ የምሄድበት መንገድ ምን ይፈልጋል?» ብሎ ግን አይጠይቅም። ስለዚህ የምሰማቸውን ቅሬታዎች ከነምክንያታቸው ልጻፍላችሁ። ገና ያልገዛችሁ ከሆነ ደግሞ በጣም ጥሩ ጊዜ ላይ ናችሁ።

«ስቆም ይወድቅብኛል»

ሲሄድ ደህና ነው። ገበያ ቀን ሰውና አህያ ሲያቋርጥ ቆም ሲሉ ግን ወደ ጎን ያጋድላል። አንዴ ካጋደለ መመለስ አይቻልም።

ምክንያቱ ቁመትና ክብደት ነው። የአክስቴ ልጅ መጀመሪያ የገዛው ለጥርጊያ መንገድ የተሠራ ረጅም ሞተር ነበር። መልኩን ወዶት ነው። መሬት የሚነካው ግን በጣቱ ጫፍ ብቻ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ጊዜ ወደቀ፤ ሦስቱም ጊዜ ሞተሩ ቆሞ ነበር። ቁርጭምጭሚቱን አሞት ሁለት ሳምንት ቤት ተቀመጠ።

እንደ ቦክሰር ወይም ዋይቢአር ያሉት የከተማ ሞተሮች መቀመጫቸው ከመሬት 80 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ረጃጅሞቹ ከ85 ያልፋሉ። አምስት ሴንቲ ሜትር ቀላል ይመስላል፤ ለአጭር ሰው ግን ትልቅ ልዩነት ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ሁልጊዜ የምታደርጉትን ጫማ አድርጋችሁ ተቀመጡበት። የሁለቱም እግራችሁ ግማሽ መሬት ይንካ። ከዚያ ሳታስነሱት በእግራችሁ ወደ ኋላ ግፉት። ካቃታችሁ ይከብዳችኋል፣ ተዉት። አስቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ ወንበር ሰሪ ጋ ወስዳችሁ ስፖንጁን ማስቀነስ ትችላላችሁ። ወንበሩ ይደርቃል፤ ከመውደቅ ግን ይሻላል።

«ዳገት ላይ አቅም ያጣል»

ትልቁ ቅሬታ ይሄ ነው። ሁለት ሰው ጭኖ ወይም አንድ ጆንያ ጤፍ አስሮ ዳገት ሲጀምር ሞተሩ ይጮሃል እንጂ አይሄድም። ሰው ወዲያው «ሞተሩ አልቋል» ብሎ ያስፈታዋል። እባካችሁ አትቸኩሉ።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እንጅባራ ደግሞ ከዚያም ትንሽ ከፍ ትላለች። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው አየር አንድ አምስተኛው ያህል ይጎድለዋል። ሞተር ደግሞ ቤንዚን የሚያቃጥለው በአየር ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ 8 የፈረስ ጉልበት የተባለው ትንሽ ሞተር እኛ ጋ ሲመጣ 6 ገደማ ብቻ ይኖረዋል። ይህ ብልሽት አይደለም። የትም ብትወስዱት ጋራዥ አይመልሰውም።

ሁለተኛ ምክንያት አለ፤ ይሄኛው ግን ይስተካከላል። ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ያለው ሞተር አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑን አይቀንስም። ቤንዚን ይበዛበታል። ለማወቅ እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ፈትታችሁ እዩት። ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቶበታል። ቡናማ ከሆነ ጥሩ ነው። ከነጣ ግን ቤንዚን አንሶት እየጋለ ነውና ተጠንቀቁ። መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን አጽዱ፤ በአቧራ የተዘጋ ማጣሪያም ካንዴላ ያጠቁራል። ካልተሻለ ሜካኒኩ ካርቡራተሩ ውስጥ ያለችውን ባለ ቀዳዳ ትንሽ ነሐስ ቀዳዳዋ ጠበብ ባለች ይቀይራታል። አንድ ነገር ግን አትርሱ። ለደጋ ያስተካከላችሁትን ሞተር ይዛችሁ ቆላ ወርዳችሁ የምትከርሙ ከሆነ መመለስ አለበት። ካልሆነ ይግላል።

ሦስተኛው መላ የኋላውን የካቴና ጥርስ በትልቅ መቀየር ነው። ዳገት ይጎብዛል፣ ሜዳ ላይ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ጭነት ለሚያመላልስ ሰው በጣም እመክራለሁ።

ገና ካልገዛችሁ ምክሬ አጭር ነው። ብቻችሁን ከተማ ውስጥ የምትሄዱ ከሆነ 100 ሲሲ ይበቃል። ሰው ወይም ዕቃ የምትጭኑ፣ ዳገት የምታዘወትሩ ከሆነ 125 ወይም 150 ግዙ። ከዚያ በላይ ለጀማሪ አያስፈልግም።

«ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ አይዝም»

ይሄኛው ያስፈራኛል። ከደጀን ወደ ዓባይ የሚወርደውን መንገድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከደጋው አፋፍ ተነስቶ ድልድዩ ጋ እስኪደርስ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ጠመዝማዛ ነው፤ የጭነት መኪና አይጠፋበትም። ሲወርዱ ፍሬኑ መጀመሪያ ይይዛል፣ ከዚያ እየላላ እየላላ ይሄዳል።

ምክንያቱ ሙቀት ነው። ፍሬኑን ያለማቋረጥ ይዞ መውረድ ሸራውን ያግለዋል፤ የጋለ ሸራ አይነክስም። ከሁሉ የባሰው ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በሞርቶ፣ ማለት ማርሽ አውጥቶ፣ መልቀቅ ነው። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ስትወጡ የምትጠቀሙበትን ማርሽ ስትወርዱም አስገቡ፤ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ይሁን። ሞተሩ ራሱ ይይዛችኋል። ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ አድርጉ። ከላላባችሁ ዳር ይዛችሁ ቁሙና እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፤ ውኃ አታፍሱበት።

ስትገዙ ደግሞ የፊት ፍሬኑ ዲስክ የሆነውን ምረጡ። ቶሎ ይቀዘቅዛል። ትንሽ ጭማሪ ዋጋ ይኖረዋል፤ ይገባዋል።

«ስነሳ ይጠፋብኛል»

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የእጅ ነው። በግራ እጅ የሚያዘው ፍሪሲዮን ቶሎ ስለሚለቀቅ ነው። የኳስ ሜዳ ሂዱ። ነዳጅ ሳትሰጡ ፍሪሲዮኑን በጣም ቀስ አድርጋችሁ ልቀቁ። ሞተሩ ራሱ መራመድ የሚጀምርባትን ቦታ እጃችሁ እስኪያውቃት ሃያ ጊዜ ድገሙት።

ማርሽ መቀየር በጭራሽ ካልተሳካላችሁ ማርሽ የሌለው ስኩተር አለ። ባሕር ዳር ለሚኖር ሰው ደስ ይላል፤ ከተማዋ ሜዳ ናት፣ አስፋልቷም ሰፊ ነው። ጎማው ትንሽ ስለሆነ ግን ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ቁልቁለት ላይም እንደ ማርሽ ሞተር አይዝም። ስለዚህ ከከተማ ለማይወጣ ሰው እንጂ ለገጠር መንገድ አልመክረውም።

«ክረምት ላይ ጎማው አልዞር ይላል»

የቢቸናና የደብረ ወርቅ ሰው ይህን ያውቃል። ዋልካው በጎማውና በጭቃ መከላከያው መሀል ይሞላና ጎማውን ያስረዋል። የፊት ጭቃ መከላከያው ከጎማው ራቅ ብሎ ከፍ ያለ ሞተር ምረጡ፤ ወይም ያለውን መከላከያ ለክረምት ከፍ አስደርጉት። ለመጥረጊያ እንጨት ያዙ።

«ስገዛው በአንዴ ይነሳ ነበር፣ አሁን ጠዋት አይነሳም»

ያገለገለ ሞተር የገዛ ሰው ቅሬታ ነው። ሻጩ እናንተ ከመምጣታችሁ በፊት አስነስቶ አሙቆታል ማለት ነው። የሞቀ ሞተር ድክመቱን ይደብቃል። ልታዩ ስትሄዱ መጀመሪያ እጃችሁን ወደ ማርሚታው ጠጋ አድርጉ። ከሞቀ «ነገ በጠዋት እመለሳለሁ» በሉ። ያኔ ብርድ ላይ ራሳችሁ አስነሱት። ለብርድ ማስነሻ ያለውን ቾክ ስባችሁ በሁለት ሦስት ሙከራ ከተነሳ ደህና ነው። ሰማያዊ ጭስ ከቀጠለ ዘይት እየበላ ነው።

በዚያው ጠዋት ሊብሬውን ተቀብላችሁ የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን ከብረቱ ላይ ራሳችሁ አንብቡ። አንድ አኃዝ እንኳ ከተለየ ስም አይዞርላችሁም። ደላላው «ችግር የለውም» ቢልም ቀብድ አትስጡ።