ከረጢቱ ፊኛ እንዳይሆን፦ ለምርታችሁ ማሸጊያ እንዴት ትመርጣላችሁ?

ባለፈው ክረምት ደብረ ታቦር ላለች ደንበኛዬ 12 ከረጢት የዘጌ ቡና በአውቶቡስ ላክሁላት። በዚያው ጠዋት የቆላሁት ነው። ከባህር ዳር ሲነሣ ከረጢቶቹ ቀጥ ብለው ቆመው ያምሩ ነበር። ማታ የላከችልኝ ፎቶ ላይ ግን ኳስ አክለዋል። ሁለቱ በእሽጋቸው በኩል ተተርትረው ቡናው ካርቶን ውስጥ ተዘርግፏል። «አንቺ፣ ቡና ነው ፊኛ የላክሽልኝ?» አለችኝ።

ጥፋቱ የራሴ ነው። ትኩስ የተቆላ ቡና ለቀናት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። እኔ ደግሞ መተንፈሻ በሌለው ከረጢት ጥርቅም አድርጌ አሽጌዋለሁ። በዚያ ላይ ባህር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ደብረ ታቦር ደግሞ 2,700 ገደማ። ዳገቱን ሲወጡ የውጭው አየር ግፊት ይቀንሳል፣ ከረጢት ውስጥ የታፈነው አየር ይለጠጣል። ከረጢቱን የመረጥሁት ቀለሙ ስላማረኝ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ከቀለሙ አትጀምሩ።

1. ምርታችሁን ምን እንደሚያበላሸው ጻፉ

ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል። በርበሬን ብርሃን ቀለሙን ያጠፋዋል፣ እርጥበት ያጓጉለዋል። ስለዚህ በሚያሳይ ላስቲክ አሽጎ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ መደርደር የለም። ደንበኛው ቀለሙን ማየት ከፈለገ ትንሽ መስኮት ያለው ከረጢት ይበቃል። ቡና አየርም፣ ብርሃንም፣ እርጥበትም ይፈራል፣ ጋዙ ግን መውጣት አለበት። ለዚህ ቫልቭ ያለው ከረጢት አለ፤ ጋዝ ያስወጣል፣ አየር አያስገባም። ማር ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፣ ስለዚህ ዋናው ነገር ክዳኑ ነው። ለውዝ ዘይት ስላለው አየር ካገኘው ሽታው ይቀየራል። ቆሎማ ታውቁታላችሁ፣ ኩርሽም ማለቱ ከቀረ ማንም አይገዛውም።

2. መንገዱን አስቡ

እቃው ከቤታችሁ እስከ ደንበኛው ድረስ በማን እጅ ያልፋል? ከዘጌ በጀልባ ከሆነ ውሃ ይረጨዋል። በአውቶቡስ ከሆነ በላዩ ላይ ጆንያ ይጫንበታል። ሱቅ ከሆነ ስንት ቀን ይቀመጣል? ለጎረቤት የምትሸጡ ከሆነ ግን ማሸጊያም ላያስፈልጋችሁ ይችላል። «እቃ ይዛችሁ ኑ» ማለት ነውር የለውም። ገበያችን ላይ የምታዩት በቆዳ የተለበጠው አገልግልም ለዓመታት የሚያገለግል ማሸጊያ ነው። አንዱን ተሸክሞ የፋሲካ መንገድ የሄደ ሰው ስለ ጥንካሬው ይመሰክራል።

3. ከምን እንደተሠራ ቅደዱና እዩ

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ሻጩ ካኪ ወረቀት ከረጢት ያሳያችሁና «ይሄ አካባቢ አይበክልም» ይላችኋል። አንዱን ተቀበሉና ጠርዙን ቅደዱት። ብዙ ጊዜ ከወረቀቱ ጋር ስስ ላስቲክ ወይም ፎይል ተጣብቆ ይመጣል። እንዲህ ከሆነ መልሶ ለመጠቀም አስቸጋሪ ነው፤ ወረቀት ሰብሳቢውም ላስቲክ ሰብሳቢውም ይተወዋል።

ከበቆሎ ስታርች የሚሠራው «ብስባሽ የሚሆን» ፕላስቲክም አብዛኛው ለመበስበስ 60 ዲግሪ ገደማ የሚሞቅ ማብላያ ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ቦታ በአቅራቢያችሁ ከሌለ ክረምት ላይ ጎርፍ ወደ ጣና ይወስደውና ከፌስታሉ ጋር እምቦጩ መሀል ተጠላልፎ ይቀራል።

የኔ መመዘኛ ቀላል ነው። ደንበኛው ሲጨርስ ማን ያነሣዋል? ብርጭቆ ማሰሮን ባለቤቷ ራሷ አትጥለውም፣ ቅመም ታስቀምጥበታለች። ሃይላንድን ቆራሌው ይወስደዋል። ከታች በሦስት ማዕዘን ምልክት ውስጥ 1፣ 2 ወይም 5 የሚል ቁጥር ካለ የፕላስቲኩን ዓይነት ታውቃላችሁ። ለምግብ የሚሆን መሆኑን ግን ሻጩን ለይታችሁ ጠይቁ።

ለቡና አሁንም ፎይል ያለውን ከረጢት እጠቀማለሁ። ዓመት ሙሉ ለቅሞ፣ አድርቆ፣ ቆልቶ መጨረሻ ላይ ማሻገት ከከረጢቱ የባሰ ብክነት ነው።

የመያዣ ፌስታል ላይ ስማችሁን ለማሳተም ያሰባችሁ ካላችሁ ተዉት። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ስሱን ፌስታል፣ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነውን፣ እንዳይመረትና እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው ሕግ ደግሞ አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉትን ፌስታል ከልክሏል።

4. ልኩን በኪሎ ሳይሆን በእቃው ይዘት ለኩ

ማር የሚሸጡ ሰዎች ይህን ይረሱታል። ማር ከውሃ ይከብዳል፤ አንድ ሊትር 1.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ ለ1 ኪሎ ማር 750 ሚሊ ሊትር ገደማ የሚይዝ ማሰሮ ይበቃል። የ1 ሊትር ማሰሮ ከገዛችሁ ሲሶው ገደማ ባዶ ይሆንና ደንበኛው የተጭበረበረ ይመስለዋል። በርበሬ ግን በተቃራኒው ቀላልና ቦታ የሚፈጅ ስለሆነ ሞልታችሁ ካልሞከራችሁ አትዘዙ።

5. ጽሑፉ

የምርቱ ስም፣ የተጣራ ክብደት፣ የአምራቹ አድራሻ፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን፣ የምድብ ቁጥር። ቀኑ ላይ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚለውን አትርሱ፤ የዘመን አቆጣጠሩ ካልተለየ ደህናውን እቃ ጊዜው አልፎበታል ብሎ የሚመልስ አለ። መጀመሪያ ላይ ከረጢት አታሳትሙ። ማተሚያ ቤት ብዙ ሺህ ካላዘዛችሁ ዋጋው አያዋጣም፣ ስልካችሁ ከተቀየረ ደግሞ ሁሉም ይጣላል። ባዶ ከረጢት ገዝታችሁ ስቲከር ለጥፉ።

6. ሳትዘዙ ፈትኑት

አሥር ናሙና አሽጉ። አንዱን ባልዲ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ጫን በሉት። ከቫልቩ ሌላ በሆነ ቦታ አረፋ ካወጣ እሽጉ ያፈሳል። ሁለቱን ከወገብ ከፍታ ጣሏቸው። አንዱን ፀሐይ ላይ ለሁለት ሳምንት ተዉት። የቀሩትን ለዘመድ በአውቶቡስ ላኩና ሲደርስ ፎቶ ጠይቁ። አዲስ አበባም ከኛ ከፍ ያለች ናት፣ በዚያ ላይ የዓባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገት አለ። ከዚያ የተረፈ ከረጢት ሌላ ቦታም ይተርፋል።

7. ሒሳቡ

የከረጢቱን ዋጋ ብቻ አትቁጠሩ። ስቲከሩን፣ የማሸጊያ ማሽኑን መብራት፣ በመንገድ የሚበላሸውንም ደምሩ። እኔ ከ12 ሁለት ሲፈነዱብኝ የሁለት ከረጢት ቡና፣ የመላኪያውና የይቅርታው ወጪ በርካሹ ከረጢት ያተረፍሁትን ሁሉ በላው።

አሁን ከቆላሁ በኋላ አንድ ቀን አሳድሬ፣ አየሩን ጨምቄ አስወጥቼ፣ ቫልቭ ባለው ከረጢት አሽጋለሁ። ባለፈው ሳምንት ደብረ ታቦር የላክሁት 12ቱም ደኅና ገብቷል። ደንበኛዬ አሁን የምትጨቀጭቀኝ በዋጋው ነው።