ጌኮው አልበላ ሲል፦ የድሬ ቴራሪየም ችግርና መፍትሄ

ድሬና ሐረር ውስጥ ሌፐርድ ጌኮ የሚባለውን እንሽላሊት ቤታችን የያዝን ሰዎች ብዙ አይደለንም። ስልኬ ግን አያርፍም። "መብላት አቆመ" ብሎ ለሚደውል ሁሉ የመጀመሪያ ጥያቄዬ አንድ ነው፦ "ቀዝቃዛው ጎን ስንት ዲግሪ ነው?" መልሱም አንድ ነው፦ "የቱ ቀዝቃዛ ጎን?"

መሠረታዊው ነገር ተሟልቷል ብዬ ነው የምጀምረው። ጌኮው የሚኖርበት የመስታወት ሳጥን፣ ማለትም ቴራሪየሙ፣ ቢያንስ 90 በ45 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ሦስት መደበቂያ አለው፣ ውሃ አለ፣ ውስጡ ያለው አንድ ጌኮ ብቻ ነው።

አይበላም፣ ጥግ ይዞ ይተኛል፣ አንዳንዴ አፉን ይከፍታል

ምክንያቱ ሙቀት ነው። ማነሱ ሳይሆን መብዛቱ። ኢንተርኔት ላይ ያለው መመሪያ በአብዛኛው የተጻፈው ብርድ አገር ላለ ሰው ነው፤ እንዴት እንደሚያሞቅ ያስተምረዋል። ድሬ ላይ ግንቦትና ሰኔ ከሰዓት በኋላ ውጪው 35 ዲግሪ ይደርሳል፣ ያልፋልም። እኛ መማር ያለብን ማቀዝቀዝ ነው።

ባለፈው ግንቦት ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር አንድ ቤት ሄድኩ። ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ሳጥኑ ቡፌ ላይ ከቴሌቪዥኑ ጎን ተቀምጧል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ የለውም። ውስጡን ስታዩት ያምራል። ድንጋዩ በልክ ተደርድሯል፣ እሬት ተተክሏል፣ ደረቅ ግንድ ተጋድሟል። ከላይ ደግሞ 100 ዋት አምፖል ቦግ ብሏል። ጌኮው የውሃው ሳህን ውስጥ ሆዱን ዘርግቶ አፉን ከፍቷል። ለካሁ። አምፖሉ ሥር ያለው ድንጋይ 46፣ "ቀዝቃዛው" ጎን 37።

ባለቤቱ ገርሞት "የበረሃ እንስሳ አይደል እንዴ?" አለኝ።

አቦ፣ የድሬ ሰውስ? 9 ሰዓት ላይ ከዚራ መንገድ ላይ ስንት ሰው ይታያል? ሁሉም ሽርጡን አገልድሞ ጥላ ፈልጎ ተኝቷል፤ 11 ሰዓት ሲሆን ይወጣል። ጌኮውም እንደዚሁ ነው። አገሩ አፍጋኒስታን፣ ፓኪስታንና ሰሜን ምዕራብ ሕንድ ነው። ቀኑን ድንጋይ ሥርና ጉድጓድ ውስጥ ያሳልፋል፣ ሲመሽ ይወጣል። ሆዱን የሚያሞቅበት ቦታ ይፈልጋል፤ መሸሻም ይፈልጋል። መሸሻ ያጣ ጌኮ መጀመሪያ የሚያቆመው መብላት ነው።

የሙቁ መደበቂያ ወለል ከ31 እስከ 33 ዲግሪ ይሁን። ቀዝቃዛው ጎን ከ24 እስከ 26። ድሬ ላይ ግንቦትን 28 ላይ ብታቆሙት እኔ አልቆጣም። ቀዝቃዛው ጎን 35 ከደረሰ ግን ነገ የሚባል ነገር የለም፣ አሁኑኑ አውጡት። ጨለም ያለ ካርቶን ውስጥ፣ ለስለስ ያለ እርጥብ ጨርቅ ላይ፣ ቤቱ ውስጥ ነፋሻ የሆነ ቦታ አስቀምጡት። በረዶ ውሃ ውስጥ እንዳትነክሩት! አንድ ሰው ይሄን አድርጎ ከእጁ ላይ ሞቶበታል።

ከዚያ ወደ ሳጥኑ። አምፖሉን አውልቁ። በሙቀቱ ወራት ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ማሞቂያ የሚባል ነገር አያስፈልግም፣ ክፍሉ ራሱ ያሞቃል። ለተክሉ ብርሃን ከፈለጋችሁ ኤልኢዲ ይበቃል። ቀጥሎ ሳጥኑን ከቡፌ አውርዱት። ሞቃት አየር ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ ሲሚንቶው ወለል ግን ቀኑን ሙሉ ቀዝቀዝ ይላል። የከሰዓት ፀሐይ ከሚያገኘው ግድግዳ አርቁት። ጉንዳን ካስቸገረ አጭር እግር ያለው ጠረጴዛ ላይ አድርጋችሁ እግሮቹን ውሃ ባለበት ጣሳ ውስጥ አቁሙ። ውሃውን በየሁለት ቀኑ ድፉት፣ ትንኝ እንዳታረቡ። ወባና ደንጊ አንሶን አይደለም።

ትልቁ መፍትሄ ግን አፈሩ ነው። በቀዝቃዛው ጎን ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ይሁን፣ 70 እጅ አፈር፣ 30 እጅ የታጠበ አሸዋ። የተሰበረ እንስራ ገል ፈልጉ፤ አጎንብሶ እንደ ዋሻ ወደ ታች እንዲያስገባ አድርጋችሁ ቅበሩት። ከሥር ያለው አፈር ትንሽ እርጥበት ይያዝ። የሳቢያኑ ሳጥን ውስጥ እንደዚህ ከሠራን በኋላ ላዩ 31 ሲል ገሉ ሥር 27 ነበር። ጌኮው ገባ፣ አራት ቀን ጠፋ፣ በአምስተኛው ማታ ወጥቶ ሦስት ፌንጣ በላ።

ያም ካልበቃ ግማሽ ሊትር ሀይላንድ አቀዝቅዛችሁ በጨርቅ ጠቅልሉና ከውጪ በኩል የቀዝቃዛው ጎን መስታወት ላይ አስደግፉት። ቬንትሌተር የሳጥኑን የታፈነ ሙቀት ያወጣል እንጂ አየሩን አያቀዝቅዝም፤ ክፍሉ 36 ከሆነ የምታስገቡት 36 ነው።

አለካኩ ላይ አንድ ነገር ልበል። ያቺ መስታወት ላይ የምትለጠፍ ክብ ቴርሞሜትር ቆሻሻ ናት። የመስታወቱን ሙቀት ትናገራለች፣ ጌኮው ግን የሚተኛው አፈር ላይ ነው። በኮሮና ጊዜ ግንባር ላይ ይደቀንብን የነበረው መለኪያ ይሠራል፣ ግን ወደ ዕቃ መለኪያ ካልቀየራችሁት ከ32 በታች ያለውን አያነብም፣ "ሎ" (ዝቅተኛ) ብቻ ይላል። አንዱ ደውሎ "ሎ፣ ሎ ይለኛል፣ በርዶት ነው መሰለኝ፣ አምፖል ልጨምር?" አለኝ። ጨምሮ ቢሆን ኖሮ ጌኮውን ይጠብሰው ነበር።

ማሞቂያው አልጠፋ አለ

ማሞቂያውን የሚያበራውና የሚያጠፋው ቴርሞስታት ነው። ወይ ሙቀቱን የምትለካው ሴንሰሯ ከቦታዋ ወጥታለች፣ ወይ የቴርሞስታቱ ሪሌይ (ውስጡ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ) ተጣብቋል። ሴንሰሯ ከሆነች ሙቁ መደበቂያ ውስጥ መልሳችሁ በደንብ እሰሯት። ሐረር ጀጎል ውስጥ አንድ ቤት ልጅየው ሴንሰሯን ለጨዋታ ጎትቶ ከሳጥኑ ውጪ ትቷት አደረ። ቴርሞስታቱ የክፍሉን ብርድ እያነበበ ሌሊቱን ሙሉ አሞቀ። ጠዋት ወለሉ 48 ነበር። ጌኮው ግንድ ላይ ወጥቶ ነው የተረፈው።

ሪሌዩን ለመፈተን ቁጥሩን ዝቅ አድርጉት። ቴርሞስታቱ ጠፍቻለሁ እያለ ማሞቂያው ከቀጠለ አትጠግኑት፣ ጣሉት። እዚህ ድሬ ታይዋን ገበያ በርካሽ የሚሸጡትን ስንት ጊዜ አይቻለሁ፤ መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ መጀመሪያ የሚሞቱት እነሱ ናቸው። መብራት ሲሄድ ከዲቫይደሩ ንቀሉ።

የማሞቂያ ምንጣፍ ወፍራም አፈር ሥር አታድርጉ። ሙቀቱ ወደ ላይ አይደርስም፣ መስታወቱ ይሰነጠቃል፣ ቆፍሮ ከደረሰበት ደግሞ ሆዱ ይቃጠላል። ወፍራም አፈር ካለ ማሞቂያው ከላይ ነው።

የበላውን መልሶ ያወጣል

ይሄ የሐረር ችግር ነው። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,885 ሜትር ላይ ናት፣ ድሬ ግን 1,200 ሜትር ገደማ። በመሀላቸው ያለውን የደንገጎን ዳገት የወጣ ሰው ልዩነቱን በመስኮት ያውቀዋል። ማታ የበላው ፌንጣ በብርድ አይፈጭም። ሆዱ የሚያርፍበት ቦታ ሌሊትም 31 ይሁን።

ቆዳው ጣቱ ላይ ቀርቷል

አየሩ ደረቅ ነው። መሀል ላይ አንድ መደበቂያ ውስጥ እርጥብ ሶፍት አድርጉ፣ በየቀኑ አርጥቡ። የቀረውን ለብ ባለ ጥልቀት በሌለው ውሃ 15 ደቂቃ አቆይታችሁ በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ገፋ ገፋ አድርጉ። በደረቁ አትጎትቱ። ቀለበት ሆኖ የቀረ ቆዳ ደም ዘግቶ ጣት ያስቆርጣል።

ሌላ ሌላው

ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ አምጥቶ ሳያጥብ የሚያስገባ ሰው ጠርሙስ ስባሪና የሞተር ዘይት ነው የሚያስገባው። ቁልቋልና ቅንጭብ አትትከሉ፣ ወተታቸው ያቃጥላል። አፈሩ ላይ ነጭ ሻጋታ ከወጣ ውሃ አብዝታችኋል። ፍሊት የተነፋበትን ቤት በረሮ አትስጡት፤ ከጫት ማሳ የተያዘ ፌንጣም አትስጡት፣ ጫት ላይ መድኃኒት ይረጫል። እግሩ ከተጣመመ ወይም ከተንቀጠቀጠ ካልሲየም ከቫይታሚን ዲ3 ጋር አጥቷል፤ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ዲ3 የለውም። ቶሎ ሐኪም ይየው። የግድግዳ እንሽላሊት ይዞ "ጓደኛ" ብሎ የሚያስገባበት ሰው ደግሞ እኔ ጋ አይደውል።

ሙቀቱ ልክ ሆኖ ጅራቱ ከቀጠነ የሆድ ተውሳክ ሊሆን ይችላል፣ የሐኪም ሥራ ነው። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ስላለ እዚያ ጠይቁ። ለምርመራ የምትወስዱት ኩስ የዛሬ ይሁን፣ እንዳይደርቅ ፌስታል ውስጥ ቋጥሩት፣ የሳምንቱን የሙቀት ቁጥርም ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ያዙ።