ዘፈን ከመልቀቃችሁ በፊት ስሙን አስተካክሉ

ጣና ዳር ቡና እየጠጣሁ አንድ ጀማሪ ልጅ አዲስ ሥራውን በቴሌግራም ላከልኝ። ዘፈኑ ቆንጆ ነው። የፋይሉ ስም ግን «ፋይናል 3» ይላል፣ የዘፋኙ ቦታ ባዶ! ይሄ ከባጃጅ ባጃጅ ሲዞር የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል?

ኤምፒ3ውን ከመላካችሁ በፊት በታግ (ፋይሉ ውስጥ የሚጻፍ የዘፈኑ መረጃ) ማስተካከያ አፕ ርዕሱን፣ ስማችሁንና የሽፋን ፎቶውን ፋይሉ ውስጥ አስገቡ፤ ቴሌግራም ሲያጫውት የሚያሳየው እሱን ነው፣ ፎርዋርድ ሲደረግም አብሮ ይሄዳል።

ዩቲዩብ ላይ ደግሞ ርዕሱን በአማርኛም በእንግሊዝኛ ፊደልም ጻፉት፣ ብዙ ሰው የአማርኛ ዘፈን የሚፈልገው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው (እኔም ራሴ)። ስማችሁንም አታቀያይሩ። ዛሬ በሃሌታው «ሀ»፣ ነገ በሐመሩ «ሐ» ከጻፋችሁት ፍለጋው ላይ ሁለት ሰው ልትሆኑ ትችላላችሁ።