ብርድ ከእግር ሲገባ

ጎጃም ሁለት ብርድ አለው። አንዱ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚቆየው ጭቃና ጭጋግ ነው። ሌላው ከጥቅምት እስከ ጥር የሚመጣው ደረቅ ብርድ፤ ሌሊት ውርጭ፣ ቀን ጠራራ ፀሐይ። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ጮቄ ተራራ ሥር ያሉት መንደሮች ደግሞ ከዚያም ይብሳሉ። ባሕር ዳር ያለው ጓደኛዬ ይህን ሲያነብ መሳቁ አይቀርም፤ እሱ ክረምቱን በነጠላ ጫማ ነው የሚጨርሰው። ስለ ጣት መሃል የጻፍኩት ግን እሱንም ይመለከታል።

«ሁለት ካልሲ ደርቤም አይሞቀኝም»

መጀመሪያ ጫማውን እዩት። ለአንድ ካልሲ በተለካ ጫማ ሁለተኛው ሲደረብ እግር ይታፈናል፤ ደም እንደልቡ አይዘዋወርም። እግርን የሚያሞቀው ደግሞ ደሙ ነው። ካልሲ የመጣውን ሙቀት ይይዛል እንጂ ከራሱ አያወጣም። ጫማውን እንዳደረጋችሁ ጣቶቻችሁን አንቀሳቅሱ። እምቢ ካሉ አንዱን ካልሲ አውልቁት። ጫማ ስትገዙም ወፍራሙን ካልሲ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ ቢሆን ይመረጣል፣ እግር ሲውል ትንሽ ያብጣልና።

ጫማው ሰፊ ሆኖም ከበረዳችሁ ካልሲውን ዳብሱት። ረጥቧል? አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ውሃ ሙቀትን ከአየር ከ20 ጊዜ በላይ አብልጦ ያስተላልፋል። የጥጥ ካልሲ ላቡንም ዝናቡንም ጠጥቶ ቁጭ ይላል። ሱፍ ግን ረጥቦም በመጠኑ ያሞቃል፤ የደጋ ሰው በርኖሱንና ባናውን ከበግ ፀጉር የሚያሠራው ወዶ አይደለም። ሱፍ ካላገኛችሁ ትርፍ ካልሲ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ያዙና ቀትር ላይ ቀይሩ። ቦቲ ጫማ የምታደርጉ ደግሞ አትርሱ፤ ውሃ የማያስገባ ነገር ላብም አያስወጣም። ቢሮ ወይም ሱቅ ስትገቡ አውልቁት።

ካልሲውም ደረቅ ከሆነ ትከሻችሁን ጠይቁ። ገላ ሲበርደው ደሙን ወደ ውስጥ ይሰበስባል፤ እጅና እግር መጀመሪያ ይቀጣሉ። ጋቢ የደረበ ሰው እግሩም ይሞቀዋል። «አንድ መለኪያ አረቄ» የምትሉም አላችሁ። አረቄ ደሙን ወደ ቆዳ ስለሚያወጣው የሞቀ ይመስላል፤ ሙቀቱ ግን በዚያው ይበናል።

«እሳት ከሞቅሁ በኋላ ጣቶቼ ያብጣሉ፣ ያሳክኩኛል»

ይህችን በደንብ አውቃታለሁ። ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ስመለስ እግሬ ቆፈን ይዞት ጣቶቼ አይታዘዙኝም ነበር። ቀጥታ ምድጃ ዳር። አያቴ «ተው፣ ራቅ በል» ስትል ማን ይሰማል? ማታ አልጋ ላይ ትንሿ ጣቴ እንደ ቀይ ሽንኩርት ቀልታና አብጣ፣ እያከክሁ አድራለሁ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በብርድ የተኮማተሩ ቀጫጭን የደም ሥሮች በድንገት ሲሞቁ የሚመጣውን ደም አይችሉትም፤ ፈሳሹ ወደ ሥጋው ይሰርጋል። ያብጣል፣ ይቀላል ወይም ይጠቁራል፣ ያሳክካል። መፍትሄው ማዝገም ነው። እርጥቡን አውልቁ፣ እግሩን አድርቁ፣ በጋቢ ጠቅልሉና አጎዛ ላይ አሳርፉት። እሳቱ ቤቱን ያሙቅ እንጂ እግሩን አይንካ። ያበጠውን አትከኩት። ብዙውን ጊዜ በሁለት ሦስት ሳምንት ይጠፋል፤ ውሃ ከቋጠረ ወይም ከቆሰለ ግን ጤና ጣቢያ ሂዱ።

«ጫማዬ አድሮም አይደርቅም»

ምድጃ ላይ አታስጠጉት። እኔ አንዴ አስጠግቼ ጠዋት ሶሉ ለብቻው፣ ቆዳው ለብቻው ሆኖ አገኘሁት። ማጣበቂያው ይለቃል፣ ቆዳው ይሰነጠቃል። የውስጡን ንጣፍ አውጡ፣ ጋዜጣ ወይም ደረቅ ጭድ ጠቅጥቁበት፣ ከመተኛታችሁ በፊት አንዴ ቀይሩለት። ሁለት ጫማ ካላችሁ አፈራርቁ።

«በጣቶቼ መሃል ነጭ ሆኖ ይላላጣል፣ ይሸታል»

ፈንገስ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከአራተኛውና ከአምስተኛው ጣት መሃል ይጀምራል። እርጥበትና ሙቀት ካገኘ ቦታ አይመርጥም፤ የባሕር ዳሩ ጓደኛዬ እዚህ ጋ ይስማኝ። እግር ታጥቦ ጣት መሃል ሳይደርቅ ካልሲ ከገባ ለፈንገሱ ቤት ሠራችሁለት ማለት ነው። በጨርቅ አንድ በአንድ አድርቁ። ፋርማሲ የሚሸጠውን ክሎትሪማዞል ቅባት ጠዋትና ማታ ተቀቡ። ማሳከኩ ሲቆም ቅባቱን መተው ነው ትልቁ ስህተት፤ እስከ 4 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ፎጣና ካልሲ አትዋዋሱ።

«ተረከዜ ተሰንጥቋል»

ይሄ የደረቁ ብርድ ሥራ ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ለሆድ ነው፤ ተረከዝ የሚፈልገው ቅባት ነው። እግራችሁን ለብ ባለ ውሃ 10 ደቂቃ ያህል ነክራችሁ በእግር ድንጋይ ቀስ ብላችሁ ፈትጉት። በምላጭ መላጥ የለም። እርጥበቱ ሳይጠፋ ቫዝሊን ቀብታችሁ በካልሲ እደሩ።

«እግሬ ብርዱንም እሳቱንም አይለይም»

ስኳር በሽታ ያለበት ሰው ከሆነ ይህ ቀልድ አይደለም። እሳትም፣ የፈላ ውሃ የያዘ ጠርሙስም አያስጠጋ፤ ሳይሰማው ይቃጠላል። የመታጠቢያውን ውሃ በክርኑ ይለካ፣ ወይም ሌላ ሰው ይለካለት። ማታ ማታ ውስጥ እግሩን ይመልከት። ስኳር ቢኖርም ባይኖርም፣ አንድ እግር ብቻ በድንገት ከቀዘቀዘ፣ ከነጣ ወይም ከጠቆረና ካመመ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው።

«ውስጥ እግሬ ያቃጥለኛል፣ ማታ ያብጣል»

ይሄኛው ከብርድ የመጣ አይደለም። መነሻው አፈሩ ነው። የጎጃም ደጋ ቀይ አፈር ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ነው፤ ውስጡ ያሉ ደቃቅ ቅንጣቶች በባዶ እግር ቆዳ ይገባሉ። ለዓመታት ሲጠራቀሙ ፈሳሽ የሚመልሱትን ሥሮች ይዘጋሉ። መጀመሪያ ውስጥ እግር ያቃጥላል፣ የእግር ጀርባ ያሳክካል፣ ማታ ያበጠው ጠዋት ይመለሳል። በኋላ መመለሱ ይቀራል። እኛ ዝሆኔ እንለዋለን። ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ፖዶኮኒዮሲስ ብሎታል። በቆላ ትንኝ የምታመጣው ሌላ ዝሆኔ አለ፤ የደጋው ግን ከትንኝ ጋር አይገናኝም።

ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እርግማንም አይደለም። በአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው ቢታመም የሚረግጡት አፈር አንድ ስለሆነና ለአፈሩ የሚቆጣ ሰውነት በዘር ሊኖር ስለሚችል ነው። በዚህ የተነሳ ስንት ጋብቻ ቀርቷል፣ ስንት ሰው ከጠላ ቤት ወንበር ተነስቷል!

መከላከያው ጫማና ውሃ ነው። አራሹ «በጭቃ ውስጥ ጫማ አድርጌ እንዴት አርሳለሁ?» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ ጭቃው ጫማውን መንጥቆ ያስቀረዋል። እንግዲያው ከእርሻ እንደወጣ ይታጠብ፣ መንገዱን በጫማ ይሂድ። በእኛ ቤት ማታ እንግዳ ሲገባ ልጅ ሳፋና ለብ ያለ ውሃ ይዞ ይመጣል። ከተረከዝ ጀምሮ አሽቶ፣ ጣት መሃል ገብቶ ያጥባል። «እደግ፣ ተመንደግ» ይባላል። ያው ልጅ የራሱን እግር ሳይታጠብ መተኛቱ ነው የሚገርመኝ። ከእንግዳው ቀጥሎ የእሱ ተራ ይሁን፣ በሳሙና።

ማበጥ የጀመረውም ቢሆን ተስፋ አለው። በየቀኑ በሳሙና ይታጠብ፤ በረኪና ከታዘዘለት ባለሙያው በነገረው ልክ ብቻ ይጨምር። አድርቆ ቫዝሊን ይቀባ፣ ሲቀመጥና ሲተኛ እግሩን ከፍ ያድርግ፣ ካልሲና ሽፍን ጫማ ያድርግ። እብጠቱ ይቀንሳል፣ ሽታው ይጠፋል። እግሩ በድንገት ግሎ፣ ብሽሽቱ አብጦ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለው ግን ያን ቀን እርሻ የለም፤ በቅሎ ላይ አውጡትና ጤና ጣቢያ አድርሱት።