ከመጠጥ ለመላቀቅ የመደጋገፊያ ቡድን መፈለግ፦ ደሴና አካባቢዋ ላሉ

በየቀኑ አረቄ ወይም ቢራ ሲጠጡ ከኖሩ ከቡድን በፊት ሐኪም ይቅደም። ሰውነት የለመደውን አልኮል በአንድ ጊዜ መከልከል ሊገድል ይችላል። መንቀጥቀጥ፣ ላብና እንቅልፍ ማጣት ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል። እንደ ሚጥል በሽታ የሚያንፈራግጠው በአብዛኛው 48 ሰዓት ሳይሞላ ይመጣል፤ መቃዠቱና የሌለ ነገር ማየቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ2ኛው ቀን በኋላ። ጠዋት አንድ ሳይሉ እጅዎ የማይረጋ ከሆነ፣ ወይም ከዚህ ቀደም ሊያቆሙ ሲሉ ራስዎን ስተው ከነበረ፣ ብቻዎን ቤት ዘግተው አይሞክሩት። ፀበል ለመግባት ያሰቡም ቢሆን መጀመሪያ ይታዩ። የሚጠጡትን መጠን አሳንሰው ሳይሆን እንዳለ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ መድኃኒቱ የሚታዘዘው በዚያ ልክ ነውና።

ቡድን ስንል ጠጥተው የሚያውቁ፣ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች ተቀምጠው ስለራሳቸው የሚናገሩበትና የሌላውን የሚሰሙበት ነው። በዓለም የታወቀው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ በ1935 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ ኦሃዮ፣ አክረን ከተማ ሁለት ጠጪዎች ተገናኝተው የጀመሩት ነው። ለመግባት የሚጠየቀው መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው። መዝገብ የለም፣ የአባልነት ክፍያ የለም፣ ሙሉ ስም አይጠየቅም።

ፍለጋውን ከሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይጀምሩ፤ ደሴ ላይ ሪፈራሉ አለ። ነርሷን «ከመጠጥ የወጡ ሰዎች የሚገናኙበት አለ?» ብለው በቀጥታ ይጠይቁ። ከሌለም ስልክ ቁጥርዎን ትተው «እንደኔ የሚጠይቅ ሌላ ሰው ከመጣና እሱም ከፈቀደ አገናኙን» ይበሉ። ቡድን በዚህ መንገድም ይፈጠራል።

ሁለተኛው መንገድ ስልክ ነው። «ሚቲንግ ጋይድ» የሚባለው ነፃ መተግበሪያ በአካልም በዙምም የሚካሄዱትን የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ ስብሰባዎች ያሳያል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰዓቱ ላይ ነው። የኒውዮርክ እኩለ ቀን ተብሎ የተጻፈ ከማርች እስከ ኖቬምበር ለእኛ ምሽት 1 ሰዓት ነው፤ ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ ከኖቬምበር እስከ ማርች 2 ሰዓት ይሆናል። ዙም ላይ ከመግባትዎ በፊት ስምዎን ወደ መጠሪያ ስም ብቻ ይቀይሩ፣ ቪዲዮውን ያጥፉ (ዳታም ይቆጥባል)፣ ማዳመጫ ያድርጉ። አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፤ ቋንቋው ባይሞላልዎትም መስማት ይጠቅማል።

ሰዓት ሲመርጡ ወደ መጠጥ ቤት ይሄዱበት የነበረውን ይምረጡ። ከጫት በኋላ ጨብሲ የለመደ ሰው ደግሞ የሚፈተነው ምርቃናው ሊሰበር ሲል ስለሆነ ጫቱን ይዞ መጠጡን ብቻ መተው አይሆንለትም፤ ይህን ሳንሸፋፍን እንናገራለን።

የመጀመሪያው ቀን 10 ደቂቃ ቀድመው ይድረሱ። ተራ ሲደርስዎ «ዛሬ ልስማ» ማለት በቂ ነው። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፣ ምክር አይሰጥም፣ አይመልስም። ይህ ለእኛ ሰው ይከብዳል፤ ሰው ሲያለቅስ «አይዞህ» ሳይሉ መቀመጥ ነውር ይመስላል። ነገር ግን ምክር ሲጀመር ተናጋሪው ተከሳሽ ይሆናል፣ በሚቀጥለው ሳምንትም አይመጣም። አይዞህ ማለቱ ከስብሰባው በኋላ ደጅ ላይ ይደርሳል። ሲወጡ የሁለት ሰው ስልክ ይያዙ፤ አምሮቱ ሳይመጣ፣ ደህና ሳሉ አንዴ ይደውሉ። ያላለማመዱት ስልክ በጭንቅ ሰዓት አይደወልም። ሳይወዱት ቢቀሩም 5 ወይም 6 ጊዜ ሳይሄዱ አይፍረዱ።

አካባቢዎ ምንም ከሌለ ሁለት ሰው ይበቃል። ቦታው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ከሆነ ሙስሊሙ፣ መስጊድ ከሆነ ክርስቲያኑ ይቀራል፤ የሙስሊሙ ጠጪ እፍረት ደግሞ እጥፍ ነውና የጤና ጣቢያ ክፍል ወይም ከትምህርት በኋላ ባዶ የሚሆን ክፍል ይሻላል። ሆቴል አይሁን። ቡና ይኑር፣ ግን የምታፈላው ሰው የሚባለውን ሁሉ ስለምትሰማ በፔርሙስ ይምጣ። አንድ ሰዓት በቂ ነው፦ 5 ደቂቃ መክፈቻ፣ 50 ደቂቃ በየተራ መናገር፣ 5 ደቂቃ መዝጊያ። መሪው በየወሩ ይቀያየር።

ቡድኑን የሚያፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ እንደ ቅሬ (እድር) መሆኑ ነው። መዋጮ ይወሰናል፣ የቀረ ይቀጣል፣ ስም ይጻፋል። መዝገቡ በሌላ ሰው እጅ የገባ ዕለት ማንም አይመለስም፤ መቀጮ የፈራ ሰውም የሚቀረው ጠጥቶ ያደረ ቀን ነው፣ ማለትም ይበልጥ መምጣት በነበረበት ቀን። ለቡና የሚሆን ሳንቲም የፈለገ ሣህን ውስጥ ይጣል፣ ማን እንደጣለ አይታይ።

ድግስ ላይ «ቅራሪ ነው፣ ምን ያደርጋል» ይባላሉ። ቅራሪም ጠላ ነው። ቀድመው ውሃ ወይም ለስላሳ ይያዙ፤ ባዶ እጅ ያለ ሰው ይቀዳለታል።

ከተንሸራተቱ በማግስቱ ይሂዱ። ሞቅ ብሎዎት ቢመጡም ይግቡ፣ ያን ቀን ግን አይናገሩ፣ ይስሙ። በር የሚከፍተው ሰውም «የት ጠፋህ?» ብሎ አይጠይቅ፤ ወንበር ስቦ ቡና ይቅዳ።